የድሮ የጃማይካ ኖት ስትገዙ 1960 የሚለውን ቁጥር አትመኑት

ጎንደር ላይ የድሮ ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው ካገኛችሁ አብዛኛው የያዘው ማርትሬዛና የምኒልክ ጠገራ ነው። የጃማይካን ወረቀት ብር ዞር ብሎ የሚያይ የለም፣ እኔ ግን ጃንሆይ ራሳቸው የሄዱበት አገር ገንዘብ ስለሆነ ለሀበሻ ሰብሳቢ ከሱ የሚቀርብ የውጭ ኖት የለም ባይ ነኝ። ስለዚህ ፒያሳም ሆነ ፋሲል ግቢ አካባቢ አንዱ አውጥቶ ቢያሳያችሁ ወይ በቴሌግራም ፎቶ ቢላክላችሁ እንዴት እንደምትለዩት ልንገራችሁ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)።

መጀመሪያ የገንዘቡን ስም እዩ። ሽልንግ ወይ ፓውንድ ካለ ከዶላሩ በፊት የነበረ ነው፣ ጃማይካ ወደ ዶላር የዞረችው ሴፕቴምበር 8 ቀን 1969 ነው፣ አንዱ ፓውንድ በሁለት ዶላር ሂሳብ። ጃንሆይ ኤፕሪል 21 ቀን 1966 ኪንግስተን ሲገቡ ሊቀበላቸው የወጣው ህዝብ ኪስ ውስጥ የነበረው ገና ፓውንድ ነው፣ እኔን ይሄ ነገር ሁሌ ይገርመኛል።

አሁን ወደ ዋናው። ብዙ ኖት ላይ 1960 የሚል ታገኛላችሁ፣ ሻጩም "የ1960 ነው" ብሎ ዋጋ ይሰቅላል። እሱ ግን የታተመበት ዓመት ሳይሆን ባንኩ የተቋቋመበት ህግ ዓመት ነው! የጃማይካ ባንክ ራሱ ስራ የጀመረው በ1961 ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ዶላሮች ላይም ያው 1960 ተጽፏል። ስለዚህ ሌላ ምልክት ፈልጉ። ንግስት ኤልሳቤጥ ያለችበት ከሆነ አርማው ስር ያለውን መሪ ቃል አንብቡ፣ ላቲን ከሆነ ቀደም ያለው ህትመት ነው፣ እንግሊዝኛ ከሆነ ግን ከ1962ቱ ነጻነት በኋላ የመጣው ነው። ከዛ የባንኩ ገዢ ፊርማ፣ ስታንሊ ፔይተን የመጀመሪያው ገዢ ስለሆነ የሱ ያለበት የቆየው ነው፣ ኸርበርት ዎከር ካለ ደግሞ ከ1977 ወዲህ ነው። ፊርማው አልነበብ ካለ በስልክ አጉልታችሁ ካታሎግ ላይ ካለው ጋር አስተያዩት።

የመጀመሪያዎቹን ዶላሮች በታተሙባቸው ሰዎች ምስል ትለያላችሁ፣ 50 ሳንቲም ማርከስ ጋርቬይ፣ 1 ዶላር ቡስታማንቴ፣ 2 ዶላር ፖል ቦግል፣ 5 ዶላር ኖርማን ማንሊ፣ 10 ዶላር ጆርጅ ዊሊያም ጎርደን። ቦግልና ጎርደን በ1865 እዛው ጃማይካ ከተነሳው የሞራንት ቤይ አመጽ ጋር ተያይዞ በስቅላት የተገደሉ ናቸው። ለጀማሪ የምመክረው ቀዩን የጋርቬይን 50 ሳንቲም ነው፣ በ1975 በብረት ሳንቲም ስለተተካ የወረቀቱ እድሜ አጭር ነበር።

ፎርጅድ እንዳይሆን ወደ ብርሃን ያዙት፣ የድሮዎቹ ላይ የውሃ ምልክቱ አናናስ ነው። ጣታችሁን ስታሳርፉበት ህትመቱ ሻከር ማለት አለበት። ሱቅ ውስጥ ብር የሚፈትሹበት ወይንጠጅ መብራት ካገኛችሁ አሳዩት፣ የድሮ ወረቀት ደብዘዝ ብሎ ነው የሚታየው፣ እንደ ፎቶ ኮፒ ወረቀት ቦግ ካለ ተጠራጠሩ።

ከገዛችሁት በኋላ እባካችሁ አትጠቡት፣ ካውያ አታስነኩት፣ የተቀደደውን በስኮች አትለጥፉ፣ ላሚኔት ደግሞ በፍጹም! እጥፋት ያለበት ኖት እጥፋቱ እያለ ይሸጣል፣ የታጠበ ግን አዋቂ ሰብሳቢ ሲነካው ያውቀዋል ዋጋውም ይወርዳል። የኛ ክረምት ከባድ ስለሆነ ግድግዳ ስር ወይ ብረት ሳጥን ውስጥ ከተዋችሁት ይሻግታል፣ ለኖት የተሰራ የፖሊስተር ልባስ ውስጥ ከታችሁ ከፍ ያለ ደረቅ ቦታ አኑሩት፣ የሚሸተውን ለስላሳ ፕላስቲክ ግን ተዉት ወረቀቱን ይበላዋል።