ስለ ኢራቅ ጦርነት ለምትከራከሩ፦ ነጥብ የሚያስጥሏችሁ ስህተቶች

በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ በሚካሄዱ የተማሪዎች ክርክሮች ላይ ዳኛ ሆኜ ስቀመጥ፣ በየጊዜው ከሚመለሱት ርዕሶች አንዱ አሜሪካ ከአጋሮቿ ጋር የከፈተችው የኢራቅ ጦርነት ነው። ለምን እንደሚመረጥ ይገባኛል። ርዕሱ የራሳችን ጉዳይ ቢሆን አዳራሹ ለሁለት ይከፈላል፤ ዳኛውም በሰላም ወደ ቤቱ መግባቱ ያጠራጥራል። የሩቁ ጦርነት ያለ ፍርሃት ያከራክራል። ተማሪ በተማሪ ሲተካ የሚሠራው ስህተት ግን ያው ነው።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ጦርነቱን ለፓርቲዎች እንደ ቅርጫ ሥጋ መደልደል ነው። አንዱ ይነሣና «ሪፐብሊካኖች ጦርነት ወዳድ፣ ዴሞክራቶች ሰላም ወዳድ ናቸው» ይላል። ጓደኞቹ ያጨበጭባሉ፤ እኔ ነጥብ እቀንሳለሁ። እስቲ የድምፅ ቆጠራውን እንየው። የአሜሪካ ኮንግረስ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ በኢራቅ ላይ የጦር ኃይል እንዲጠቀሙ የፈቀደው በኦክቶበር 2002 እ.ኤ.አ. ነው («ዓ.ም.» ካላልኩ የምጠራው ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው)። የተወካዮች ምክር ቤት 296 ለ133፣ ሴኔቱ 77 ለ23 በሆነ ድምፅ አጸደቀው። ከዴሞክራት ሴናተሮች 29ኙ ደግፈው 21ዱ ተቃወሙ። ከደገፉት መካከል ጆን ኬሪ፣ ሂላሪ ክሊንተንና ጆ ባይደን ይገኙበታል። በተወካዮች ምክር ቤት ደግሞ 81 ዴሞክራቶች ሲደግፉ 126ቱ ተቃወሙ። ከሪፐብሊካን በኩል የተቃወሙት ስድስት ተወካዮችና አንድ ሴናተር፣ ሊንከን ቼፊ፣ ብቻ ናቸው። ስለዚህ በትክክል ለመናገር፣ አንዱ ፓርቲ አንድ ሆኖ ቆመ፤ ሌላው ለሁለት ተሰነጠቀ። ይህ ከ«ጦርነት ወዳድ» እና «ሰላም ወዳድ» የተለየ ነገር ነው፤ ለተከራካሪም የበለጠ ፍሬ አለው።

ወደ እንግሊዝ ስትሻገሩ ድልድሉ ጭራሹን ይፈርሳል። አገሪቱን ወደ ጦርነት ያስገቡት የሌበር ፓርቲው ቶኒ ብሌር ናቸው። በማርች 18 ቀን 2003 የገዛ ፓርቲያቸው 139 የምክር ቤት አባላት በጦርነቱ ላይ አመፁባቸው፤ ቀደም ሲል የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ሮቢን ኩክ በዋዜማው ከካቢኔው ለቀቁ። የተቃዋሚው የኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ አብዛኛው አባል ግን ብሌርን ደገፈ! ቬትናምንም ብትወስዱ፣ በ1964 ለጦርነቱ መንገድ የከፈተው የቶንኪን ባሕረ ሰላጤ ውሳኔ በተወካዮች ምክር ቤት 416 ለ0፣ በሴኔቱ 88 ለ2 ሲያልፍ፣ ሁለቱ ተቃዋሚዎች ከፕሬዚዳንት ጆንሰን ከራሳቸው ፓርቲ የወጡ ዴሞክራቶች ነበሩ።

በአንድ ውድድር ላይ አንድ አንደበተ ርቱዕ ልጅ ንግግሩን በሙሉ በ2004 ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩት ዴሞክራቱ ጆን ኬሪ የሰላም ዕጩ ነበሩ በሚል ሐሳብ ላይ አቆመ። ተቃራኒዋ ድምጿን ሳታሰማ ቆይታ፣ ተራዋ ሲደርስ «በ2002 ምን ብለው ድምፅ ሰጡ?» ብላ ጠየቀችው። ልጁ አላወቀም። ክርክሩ እዚያው አለቀ። አያቶቻችን በላ ልበልሃ እያሉ ሲሟገቱ ያደረጉት ይኸንኑ ነው፤ በረጅም ንግግር ሳይሆን በአንዲት ጥያቄ መርታት።

ስህተቱ የሚመጣው የኋለኛውን አሰላለፍ ወደ ኋላ ስለምታነቡት ነው። በ2006 ጦርነቱ ሕዝቡን አሰልችቶት ስለነበር ዴሞክራቶች ሁለቱንም ምክር ቤቶች አሸነፉ፤ በ2008 ደግሞ ጦርነቱን ከመጀመሪያው የተቃወሙት ባራክ ኦባማ ተመረጡ። «ያልተወደደ ጦርነት» የምንለውም እንዲሁ ቀን ያለው አባባል ነው። ሲጀመር ከአሥር አሜሪካውያን ሰባቱ ያህል ደግፈውት ነበር። ቀን ሳትጠሩ «ሕዝቡ ተቃውሟል» አትበሉ።

ሐሳብ መለወጥን እንደ ነውር መቁጠርም ሌላው ነው። ኬሪ በ2003 ለጦርነቱ የተጠየቀውን 87 ቢሊዮን ዶላር፣ ወጪው ከሀብታሞች በሚሰበሰብ ግብር ይሸፈን ሲባል ደገፉ፤ ያ ሐሳብ ወድቆ የመጨረሻው ረቂቅ ሲቀርብ ተቃወሙ። ሪፐብሊካኖች ይህን ይዘው በምርጫው «ወላዋይ» አሏቸው። ተማሪዎቻችን ስድቡን ያውቁታል፤ የሁለቱን ድምፆች ልዩነት ግን አያውቁም። እኔ የምወደው የዋልተር ጆንስን ታሪክ ነው። ይህ የኖርዝ ካሮላይና ሪፐብሊካን ተወካይ፣ ፈረንሳይ ጦርነቱን ስለተቃወመች የምክር ቤቱ ካፍቴሪያ በስሟ የሚጠራውን የድንች ጥብስ ስም እንዲቀይር ካደረጉት አንዱ ነው። በ2005 ግን ጦሩ እንዲወጣ መጠየቅ ጀመረ፤ ለሞቱ ወታደሮች ቤተሰቦችም በገዛ እጁ እየፈረመ የሐዘን ደብዳቤ ይልክ ነበር። ፓርቲውን አልለቀቀም፤ ብዙ ወታደር የሚኖርበት የምርጫ ክልሉም ደጋግሞ መረጠው። በፓርቲ ስም ብቻ የሚከራከር ሰው እንዲህ ያለውን ሰው የት ያስቀምጠዋል?

«ጦርነቱን የተቃወመ የያኔውን የኢራቅ መሪ ሳዳምን ደገፈ» የሚል ተከራካሪ ከእኔ ነጥብ አያገኝም። ይኼው ነው።

በኋላ የታወቀን ነገር ያኔ የታወቀ አስመስሎ ማቅረብም አለ። ለጦርነቱ ምክንያት የተደረገው የኢራቅ ጅምላ ጨራሽ መሣሪያ አለመገኘቱ የተረጋገጠው ከወረራው በኋላ ነው። በተቃራኒው «ያኔ ማንም አልጠረጠረም» ማለትም ውሸት ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት የመሣሪያ ተቆጣጣሪዎች መሪ ሃንስ ብሊክስ በማርች 2003 ሥራው ገና ወራት እንደሚፈልግ ለጸጥታው ምክር ቤት ተናግረው ነበር።

የዘመን አቆጣጠሩን ተናገሩ። «2003» ስትሉ አዳራሹ ውስጥ ያሉት ወላጆች የሕዳሴው ግድብ መሠረት የተጣለበትን ዓመት ነው የሚያስቡት። ጦርነቱ የተጀመረው በመጋቢት 1995 ዓ.ም. ነው።

የጎጃም ልጅ ደግሞ የ1960 ዓ.ም.ን የገበሬዎች አመፅ ሳይጠቅስ አይቀመጥም። ደስ ይለኛል፤ አያቱ የነገሩትን ይዞ መምጣቱ ነው። ነገር ግን የእርሻ ገቢ ግብሩን የተቃወመው ገበሬ ድምፁን የሚሰጠው ፓርቲ አልነበረውም፤ በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ ፓርቲ የሚባል አይፈቀድም ነበር። መንግሥት ጦር ላከበት፤ ገበሬውም መልሱን በጠመንጃ ሰጠ። ምሳሌው የሚጠቅመው ምርጫ በሌለበት አገር ሕዝብ ያልወደደው ነገር ወዴት እንደሚያመራ ለማሳየት ከሆነ ነው። ስለ ሪፐብሊካንና ዴሞክራት ግን ምንም አያስረዳም።

የመጨረሻው «እኛን አይመለከተንም» ብሎ መነሣት ነው። በማርች 2003 ዋይት ሐውስ ባወጣው የደጋፊ አገሮች ዝርዝር ውስጥ፣ ወታደር ባንልክም፣ ኢትዮጵያ ነበረችበት፤ ኤርትራም ነበረችበት። ይህን ዝርዝር ይዞ የቀረበ ተማሪ እስካሁን አልገጠመኝም። ቢቀርብ ተቃራኒው ወገን ምን እንደሚመልስ ለመስማት እጓጓለሁ።