በማስመሪያና በስቴኪኒ፦ የአንጎላችንን አሠራር በራሳችን ገላ ላይ እንዴት እናያለን

አብዛኞቻችን አንጎልን የተማርነው በሥዕል ነው። ቀለም የተቀባ ሥዕል፣ ቀስት፣ የክፍሎቹ ስም። ለፈተና ሸመደድነው፣ ከፈተና ስንወጣ ረሳነው። የሚያስቆጨው ሥዕሉ ላይ የነበረው ሁሉ እዚያው በተቀመጥንበት፣ በራሳችን ገላ ውስጥ እየሠራ ነበር። ማየትም ይቻል ነበር።

ስለዚህ ዛሬ በሌላ መንገድ እንሂድ። ከእግር ተነስተን ወደ ላይ እንወጣለን፣ በየደረስንበት አንድ ነገር እንሞክራለን። የሚያስፈልጋችሁ 30 ሳንቲ ሜትር ማስመሪያ፣ ሁለት ስቴኪኒ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ፣ መስታወት፣ መብራት ያለው ስልክና አብሯችሁ የሚሞክር አንድ ሰው ነው። ቤት ውስጥ ልጆች ካሉ አስገቧቸው፣ ከማንም በላይ የሚደሰቱት እነሱ ናቸው።

መጀመሪያ ጥቂት ነገር እንያዝ። የአዋቂ ሰው አንጎል ከ1.3 እስከ 1.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ቢሆን ነው፤ ግን ዝም ብለን ተቀምጠን እንኳ ሰውነታችን ከሚያቃጥለው ጉልበት 20 በመቶ የሚሆነውን ለብቻው ይወስዳል። ከአንጎል ሥር ህብለ ሰረሰር ይወርዳል። ርዝመቱ 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ውፍረቱ ከትንሿ ጣት ብዙም አይበልጥም፣ አከርካሪ ውስጥ ተደብቆ ነው የሚኖረው። ከሱ 31 ጥንድ ነርቮች ወደ እጅ፣ ወደ እግርና ወደ ደረትና ሆድ ይበተናሉ። ሌሎች 12 ጥንዶች በቀጥታ ከአንጎል ጋር ተያይዘው በአብዛኛው ዓይንን፣ ጆሮን፣ ፊትንና ምላስን ያገለግላሉ። ይሄ ይበቃናል።

ጉልበት፦ አንጎል ሳይጠየቅ

ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ቁጭ በሉ። እግራችሁ መሬት አይንካ፣ ላላ ብሎ ይንጠልጠል። የጉልበት ሎሚያችሁን በጣት ዳስሱት፤ ከሱ ወረድ ብሎ ሲጫኑት ትንሽ ስምጥ የሚል ጅማት ታገኛላችሁ። አብሯችሁ ያለው ሰው በመዳፉ ጎን፣ በትንሿ ጣት በኩል ባለው፣ እዚያች ቦታ ላይ ፈጠን አድርጎ መታ ያድርግ። ኃይል አያስፈልግም፣ ፍጥነት ነው የሚፈለገው። እግራችሁ ፈንጠር ብሎ ወደ ፊት ይሄዳል።

ምን ተፈጠረ? ጅማቱ ሲመታ የጭናችሁ የፊት ጡንቻ በድንገት ተለጠጠ። ጡንቻው ውስጥ መለጠጥን የምታውቅ ነርቭ አለች፤ እሷ ወሬውን ወደ ህብለ ሰረሰር ላከች። ህብለ ሰረሰር መልእክቱን እዚያው ለሌላ ነርቭ አቀበለ፣ ያቺኛዋ ደግሞ ጡንቻውን አኮማተረችው። ሁለት ነርቭ ሴሎች ተቀባበሉ፣ አለቀ። አንጎል ነገሩን የሚሰማው ትእዛዙ ከወጣ በኋላ ነው።

እምቢ ካለ አትደንግጡ። የሁለት እጆቻችሁን ጣቶች አቆላልፉና ወደ ግራና ቀኝ በደንብ ሳቡ፣ እየሳባችሁ ሳለ ይምታ። ቅድም አልንቀሳቀስም ያለው እግር ብዙ ጊዜ አሁን ይዘላል። ዘዴው የንድራሺክ የተባለ የሃንጋሪ ሐኪም ያገኘው ነው፣ ሐኪሞች ዛሬም ይሠሩበታል። ፍጹም ጤነኛ ሆነው እግራቸው የማይዘል ሰዎችም አሉ። ሐኪም ማየት ያለበት አንዱ እግር ከሌላው በጣም ሲለይ፣ በተለይ ድካም ወይም መደንዘዝ አብሮት ሲኖር ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም ትልቁ ነገር ያለው እዚህ ነው። አንጎል ለዚህ ምላሽ ባይጠየቅም ዝም ብሎ አይመለከትም። ከላይ ወደ ህብለ ሰረሰር በሚወርዱ ነርቮች በኩል እንደ ልጓም ይዞ ልኩን ይጠብቀዋል። ያ መስመር ሲጎዳ ጡንቻው ይገተራል፣ ጉልበትም መታ ሲደረግ ከልክ በላይ ይዘላል። ለዚህ እኛው አገር ያለው ምሳሌ ጓያ ነው። ድርቅ መጥቶ ሌላው ሰብል ሲከዳ ጓያ አይከዳም። ሰው አማራጭ አጥቶ ለወራት እሱን ዋና ምግቡ ሲያደርግ ግን ውስጡ ያለው መርዝ ከአንጎል ወደ እግር ትእዛዝ የሚያወርዱትን ነርቮች ያጠቃል። በደምቢያና በፎገራ አካባቢ በዚህ የተጎዱ ሰዎች በብዛት ታይተዋል፤ እግራቸው ተገትሮ፣ ሲራመዱ ጉልበታቸው እየተሳሳመ፣ ተረከዛቸው መሬት አልነካ እያለ በዱላ የሚሄዱ፣ ብዙዎቹም ገና ወጣት ወንዶች። አእምሯቸው ሙሉ ነው። እግራቸውን ብትነኩት ይሰማቸዋል። የተበላሸው ትእዛዝ የሚወርድበት መስመር ነው፣ እሱም አንዴ ከተጎዳ ተመልሶ አይድንም። ጓያን ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት፣ ከጤፍ ወይም ከሌላ እህል ጋር አብዝቶ መቀላቀል ጉዳቱን ይቀንሳል። ገጠር ዘመድ ያላችሁ ይህቺን ብትነግሯቸው ደስ ይለኛል።

ማስመሪያው፦ አንጎል ሲጠየቅ

ጓደኛችሁ ማስመሪያውን ከላይ ይዞ ቁልቁል ያንጠልጥለው፣ ዜሮው ከታች ይሁን። እናንተ አውራ ጣታችሁንና ሌባ ጣታችሁን ከፍታችሁ በዜሮው ግራና ቀኝ ጠብቁ፣ ሳትነኩት። ሳይናገር ድንገት ይልቀቀው፣ ያዙት። ጣታችሁ ያረፈበትን ቁጥር አንብቡ።

20 ሳንቲ ሜትር ላይ ከያዛችሁት 0.20 ሰከንድ ፈጅቶባችኋል። 15 ላይ ከሆነ 0.175፣ 30 ላይ ከሆነ ደግሞ ሩብ ሰከንድ ገደማ። ከ10 በታች ከያዛችሁት ግምት ነው፣ ድገሙት። ደጋግማችሁ አማካዩን ውሰዱ።

ከጉልበቱ ጋር ሲነጻጸር ይሄ ለምን ዘገየ? መንገዱ ረጅም ስለሆነ ነው። ዓይን የማስመሪያውን መውደቅ ያያል፣ ወሬው ወደ ኋላ ወደ ማጅራት በኩል ወዳለው የማየት ክፍል ይሄዳል፣ ከዚያ ወደ ፊት ተመልሶ እንቅስቃሴን ወደሚያዘው ክፍል፣ ከዚያ በህብለ ሰረሰር ወርዶ ወደ እጅ። በየመገናኛው አንዱ ነርቭ ለሌላው በኬሚካል ነው የሚያቀብለው፣ ያም ጊዜ ይበላል።

አሁን ያንኑ ድገሙት፣ ግን ጓደኛችሁ እየለቀቀ ሳለ ከ100 ላይ 7 እየቀነሳችሁ ጮክ ብላችሁ ቁጠሩ። 93፣ 86፣ 79። ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ይላል፣ አንዳንዴ ማስመሪያው ጭራሽ ያመልጣል። አንጎል ሁለት ትኩረት የሚፈልግ ሥራ እኩል አይሠራም። እየነዳችሁ ስልክ የምታወሩ ሰዎች፣ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል እንደሚሄድ አስቡት። እባካችሁ።

ስለ ነርቭ ፍጥነት አንድ ነገር ልጨምር። ፈጣኖቹ ነርቮች በሰከንድ እስከ 120 ሜትር ያደርሳሉ፣ ምክንያቱም በስብ የተሠራ ሽፋን ተጠቅልሎባቸዋል። ሽፋን የሌላቸው ቀጫጭኖቹ ግን በሰከንድ አንድ ሜትር ገደማ ነው የሚሄዱት። የእግራችሁ ጣት ከአልጋ እግር ጋር ሲጋጭ መጀመሪያ ጭው የሚል ስለታም ሕመም ይመጣል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ያ የሚያንገበግበው። በሁለት ዓይነት ነርቭ የመጣ የአንድ አደጋ ወሬ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ስትጋጩ ሁለተኛውን ጠብቁት፣ በደንብ ይለያል።

መስታወት፦ የአንጎል ግንድ

ደብዘዝ ያለ ክፍል ውስጥ መስታወት ፊት ቁሙ። በዓይናችሁ መሃል ያለችውን ጥቁር ክብ እያያችሁ የስልካችሁን መብራት ከጎን ወደ አንዱ ዓይን አምጡ፣ ለአፍታ ብቻ። ክቧ ወዲያው ትጠባለች። አሁን ያልበራበትን ዓይን እዩ፤ እሱም አብሮ ጠቧል። ፈልጋችሁ ማስቆም አትችሉም።

ይህን የሚሠራው አንጎልን ከህብለ ሰረሰር ጋር የሚያገናኘው ግንድ ነው። መተንፈስን፣ የልብ ምትን፣ መዋጥን፣ ንቁ መሆንን የሚቆጣጠረውም እሱ ነው። ራሱን የሳተ ሰው ድንገተኛ ክፍል ሲገባ ሐኪሙ ቶሎ ብሎ ዓይኑ ላይ መብራት የሚያበራው ግንዱ ደህና መሆኑን ለማየት ነው።

እዚያው ቆማችሁ የእጅ አንጓችሁ ላይ የደም ምታችሁን ያዙ። ቀስ ብላችሁ በረጅሙ ተንፍሱ። አየር ስታስገቡ ምቱ ፈጠን፣ ስታስወጡ ቀዝቀዝ ይላል፤ ወጣቶች ላይ በተለይ ይታወቃል። ከግንዱ ተነስቶ ወደ ልብ የሚወርድ ነርቭ ነው ፍሬን የሚይዘው። የተናደደ ሰውን "እስኪ ተንፍስ" የምንለው በከንቱ አይደለም።

አፍንጫና መዳፍ፦ ትንሹ አንጎል

ይሄኛው አጭር ነው። ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ እጃችሁን ዘርጉ፣ የአፍንጫችሁን ጫፍ በሌባ ጣት ንኩ። ከዚያ አንዱን መዳፍ በሌላው ላይ እያገላበጣችሁ ቶሎ ቶሎ አጨብጭቡ። ይህ ሁሉ ልክና ምት የሚመጣው ከማጅራት በላይ ከኋላ ካለው ትንሹ አንጎል ነው። የአንጎልን ክብደት አንድ አሥረኛ ያህል ነው የሚይዘው፤ በአንጎል ውስጥ አሉ ከሚባሉት 86 ቢሊዮን ገደማ ነርቭ ሴሎች ግን 69 ቢሊዮን ያህሉ እሱ ውስጥ ናቸው። መጠጥ ቶሎ የሚያውከውም ይሄን ክፍል ነው፣ የሰከረ ሰው አረማመድ ከዚያ ይመጣል።

ሁለት ስቴኪኒ፦ የአንጎል ቅርፊት

ጓደኛችሁ ዓይኑን ይጨፍን። ሁለቱን ስቴኪኒዎች በ3 ሚሊ ሜትር አራርቃችሁ የጣቱን ጫፍ እኩል ቀስ ብላችሁ ንኩ። "ስንት ነው?" በሉት። ሁለት ይላል። አሁን ያንኑ ጀርባው ላይ ሞክሩ። አንድ ይላል። 1 ሳንቲ ሜትር አራርቁት፣ አሁንም አንድ። 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ እስኪደርስ ድረስ ብዙ ሰው ጀርባው ላይ ሁለቱን አይለይም። እመኑኝ፣ ሳያዩት ማንም አያምንም።

ምክንያቱ ሁለት ነው። ጣት ጫፍ ላይ የነርቭ ጫፎች ጥቅጥቅ ብለው ነው ያሉት። ከዚያ በላይ ደግሞ የአንጎል ቅርፊት (የላይኛው ሽፋኑ) ላይ የሰውነታችን ካርታ አለ፤ ካርታው ላይ ጣትና ከንፈር ሰፊ ቦታ ይዘዋል፣ ጀርባ ግን ጠባብ። ይህን ካርታ ሞንትሪያል ውስጥ የነበረው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዋይልደር ፔንፊልድ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በዝርዝር አወጣው። ሕመምተኞቹ ነቅተው እያሉ ቅርፊቱን በቀላል ኤሌክትሪክ እየነካ የት እንደሚሰማቸው ይጠይቃቸው ነበር፤ አንጎል ራሱ ሕመም አይሰማውምና። ዓይነ ስውራን በጣት የሚያነቡት የብሬል ጽሑፍ ነጥቦች በ2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ተራርቀው የተሠሩት ጣት ልክ ያችን ስለሚለይ ነው። በጀርባ ብሬል ማንበብ አይታሰብም።

አሁን ደግሞ አንጎል ሲሞላላችሁ እዩት። መስመር ባለው ወረቀት ላይ፣ አንዱ መስመር ላይ በስተግራ የመደመር ምልክት፣ ከሱ በስተቀኝ 8 ሳንቲ ሜትር ርቆ ደማቅ ነጥብ ሥሩ። ግራ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ በቀኙ ምልክቱን ብቻ እዩ። ወረቀቱን ከክንድ ርቀት ቀስ እያላችሁ አቅርቡት። 30 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ስትደርሱ ነጥቡ ይጠፋል። የዓይን ነርቭ ከዓይን የሚወጣበት ቦታ ላይ ብርሃን የሚቀበል ሴል የለም። ግን ባዶ ቀዳዳ አይታያችሁም፤ መስመሩ ሳይቋረጥ የቀጠለ ይመስላል። ክፍተቱን የሞላው አንጎላችሁ ነው፣ ቀኑን ሙሉ እንዲህ ሲሞላ ነው የሚውለው።

ግራና ቀኝ፦ በጣም የሚያስፈልገን

ከአንጎል ወደ ጡንቻ የሚወርዱት መስመሮች አብዛኞቹ የግንዱ መጨረሻ ላይ ይሻገራሉ። ስለዚህ ቀኝ እጃችሁን የሚያዘው ግራው አንጎል ነው። በአብዛኛው ሰው ዘንድ ንግግርም የሚገኘው በግራ በኩል ነው፤ ፖል ብሮካ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በ1861 (እ.ኤ.አ.) የመናገር ችሎታውን ያጣ ሕመምተኛ ሲሞት አንጎሉን መርምሮ ጉዳቱን በግራ በኩል ከፊት አገኘው።

ስትሮክ የሚባለው ወደ አንጎል የሚሄድ ደም ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈስ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጎዳው አንዱን የአንጎል ጎን ነው፤ ለዚህ ነው ምልክቱ በተቃራኒው የሰውነት ጎን ብቻ የሚመጣው። የቤታችሁ ሰው ድንገት ነገር ከተለወጠበት ሦስት ነገር አድርጉ። ፈገግ በል በሉት፦ ፊቱ ወደ አንድ ጎን ይጣመማል? ሁለት እጆቹን ዘርግቶ ዓይኑን ይጨፍን፦ አንዱ እየወረደ ይሄዳል? ቀላል ዓረፍተ ነገር ይድገም፦ ይኮላተፋል፣ ቃል ይጠፋበታል? ከሦስቱ አንዱ ካለ "ምች ነው"፣ "ይተኛና ነገ እናያለን" አትበሉ። ጠዋት ድረስ መጠበቅ ስንቱን ሰው አልጋ ላይ አስቀርቷል።

ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ጻፉት፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። የደም መርጋትን የሚያሟሟው መድኃኒት ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ጊዜ ውስጥ ነው የሚሰጠው፣ ያውም ሲቲ ስካን ከታየ በኋላ። ስለዚህ ሲቲ ስካን ያለበት ሆስፒታል የት እንደሆነ ዛሬውኑ አጣሩ። ኢትዮጵያ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ አሜሪካ 911፣ አውሮፓ 112፣ እስራኤል 101። አስፕሪን አትስጡ፤ ደም ፈሶ ከሆነ ያባብሰዋል። ውሃም ሆነ ምግብ አትስጡት፣ መዋጥ ተስኖት ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ካስመለሰው ወይም ራሱን ከሳተ በጎኑ አስተኙትና መተንፈሱን እያያችሁ ጠብቁ።