የዱር ተክል ስትለዩ ሁለተኛውን ስም አትዝለሉት

የዱር ተክል ለመለየት መጽሐፍ ገልጣችሁ ተመሳሳይ ዝርያዎች ግራ ካጋቧችሁ፣ ቅጠሉን ከመመርመራችሁ በፊት የሳይንሳዊ ስሙን ሁለተኛ ቃል ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ ተክሉ የሚበቅልበትን ቦታ ይናገራል፦ «ፓሉስትሪስ» ረግረግ፣ «አኳቲካ» ውኃ፣ «አርቬንሲስ» የእርሻ ማሳ፣ «ፕራቴንሲስ» መስክ፣ «ሩፔስትሪስ» ዐለት፣ «ማሪቲማ» የባሕር ዳርቻ። የቃሉ መጨረሻ ከመጀመሪያው ስም ጋር ለመስማማት ስለሚለዋወጥ (ፕራቴንሲስ፣ ፕራቴንሴ) መነሻውን ብቻ ያዙ።

ለምሳሌ ከናና ወገን ሜንታ አኳቲካ እና ሜንታ አርቬንሲስ አሉ። የቆማችሁት ወንዝ ዳር ከሆነ የመጀመሪያውን አስቀድማችሁ አመሳክሩ።

ይህ የሚሠራው ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኒየስ በ1753 እ.ኤ.አ. ካጸናው የሁለት ቃል አሰያየም ጀምሮ ስም አውጪዎች ተክሉን ከዘመዶቹ የሚለይ አጭር ምልክት ስለሚፈልጉ ነው፤ መኖሪያው ደግሞ ቶሎ የሚታይ ምልክት ነው።

መግለጫውንም ከቦታው ጋር አያይዛችሁ አንብቡ። ፐርሲካሪያ አምፊቢያ ውኃ ላይ ስትሆን ቅጠሏ ለስላሳና ተንሳፋፊ ነው፤ የብስ ላይ ግን ጠጉራም ይሆናል። ይህን ያላስተዋለ ሰው አንዷን ተክል ሁለት ዝርያ ሊላት ይችላል፤ በጣም የምወዳት ምሳሌ ናት።

«ሲልቬስትሪስ» ላይ ግን ተጠንቀቁ። ቃሉ የደን ማለት ቢሆንም ብዙ ጊዜ «የዱር» ለማለት ብቻ ይውላል፤ ማልቫ ሲልቬስትሪስ መንገድ ዳር በብዛት ትገኛለች። የአገር ስምም ያሳስታል፤ ሲላ ፔሩቪያና የሜዲትራኒያን አካባቢ ተክል እንጂ የፔሩ አይደለችም። ለመብል ወይም ለመድኃኒት የምትፈልጉትን ተክል ደግሞ በስም ፍንጭ ብቻ ፈጽሞ አትወስኑ።