የመኪና የፊት መብራት ሲደበዝዝ፣ ቢጫ ሲሆን፣ ሲጫጫር፦ ምክንያቱና ቤት ውስጥ ሚሰራበት መንገድ

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ገላን፣ ለገጣፎ ማታ ምትነዱ ሰዎች ምን እንደማወራ ይገባችኋል። ከዋናው አስፋልት ወረድ ካላችሁ ብዙ ቦታ የመንገድ መብራት የለም፣ አህያ መሀል መንገድ ቆሞ ይጠብቃችኋል፣ ጥቁር ጃኬት የለበሰ ሰው ድንገት ይሻገራል፣ መብራታችሁ ከደበዘዘ ደሞ ሰውየውን ምታዩት አጠገባችሁ ሲደርስ ነው። ስለዚ ይሄ የመኪና ማሳመሪያ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አዲስ መብራት መግዛትም ለሁሉም ሰው አይሆንም፣ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት በ2016 ከተከለከለ ወዲህ አብዛኞቻችን ያለንን ቪትዝና ኮሮላ እየጠገንን ነው ምንነዳው፣ ያገለገለ መብራት ፍለጋ ሶማሌ ተራ ብትሄዱም ብዙ ጊዜ ሚያወጡላችሁ እሱም ቢጫ የሆነ ነው።

መብራቱን ማሻ ብርጭቆ ወረቀት ከመግዛታችሁ በፊት በውሃ ሞክሩት። መብራቱን በሳሙና አጥባችሁ አድርቁት፣ ከዛ አንድ ኩባያ ውሃ ከላይ አፍስሱበትና እዩት። ውሃው እየወረደበት ጥርት ካለና ሲደርቅ ተመልሶ ከደበዘዘ ችግሩ ከውጭ ፊቱ ላይ ነው፣ ቤት ይሰራል። ውሃው ወርዶበትም ያው ከሆነ ግን ወይ ውስጡ ነው የቆሸሸው ወይ ፕላስቲኩ ራሱ ተሰነጣጥቋል፣ እሱን ከላይ ስታሹት ብትውሉ ለውጥ የለውም።

*ቢጫ ሆኗል፣ በእጅ ሲዳሰስ ይሻክራል*

ይሄ የብዙዎቻችን ችግር ነው። መብራቱ ፖሊካርቦኔት ሚባል ፕላስቲክ ነው፣ ጠጠር ሲፈናጠርበት እንደ ድሮው የላዳ መስታወት አይሰነጠቅም፣ ግን ጸሀይ አይችልም። ፋብሪካው ይሄን ስለሚያውቅ ከላዩ የጸሀይ ጨረር ሚከላከል ስስ ሽፋን ይቀባዋል፣ ሽፋኑ በዓመታት ውስጥ ሲያልቅ አልትራቫዮሌት ጨረሩ ፕላስቲኩን ራሱን ያገኘዋል፣ ያቃጥለዋል፣ ቢጫ ያደርገዋል። አዲስ አበባ ከባህር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ናት፣ በየ1000 ሜትሩ ጨረሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ በዛ ላይ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን፣ ስለዚ አየሩ ቀዝቀዝ ስላለ ጸሀዩ ቀላል ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ግራና ቀኙን አስተያዩ፣ መኪናው ሁሌ አንድ ቦታ ሚቆም ከሆነ ብዙ ጸሀይ ሚያገኘው ወገን የባሰ ቢጫ ነው።

አሰራሩ እንዲህ ነው። ዙሪያውን ኮፈኖውንና ፓራውልቱን በወረቀት ፕላስተር ሁለት ሶስት ዙር ሸፍኑ፣ ብርጭቆ ወረቀቱ አንዴ ቀለሙን ከነካው ሌላ ወጪ ነው። ከመኪና ቀለም ቤት ውሃ ሚችለውን ጥቁሩን ብርጭቆ ወረቀት ግዙ፣ ቁጥር 800፣ 1000፣ 1500፣ 2000፣ ከተገኘ 3000ም (ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይለሰልሳል)፣ ከመጀመራችሁ በፊት ውሃ ውስጥ ትንሽ ዘፍዝፉት። በ800 ወደ ጎን ብቻ እሹ፣ ውሃውን አታቋርጡ፣ መጀመሪያ ሚወርደው ውሃ ቢጫ ነው፣ እሱ ነጭ እስኪሆን ድረስ አታቁሙ ምክንያቱም ቢጫ እየወረደ ከሆነ የተቃጠለው ፕላስቲክ ገና አላለቀም። ከዛ 1000 ስትይዙ አቅጣጫውን ቀይራችሁ ከላይ ወደ ታች እሹ፣ የ800ው መስመሮች ሙሉ በሙሉ እስኪጠፉ፣ 1500 ደሞ ተመልሳችሁ ወደ ጎን፣ እንዲህ እያቀያየራችሁ ከሄዳችሁ ያልጠፋ መስመር ካለ ወዲያው ይታያችኋል። በየመሀሉ መብራቱንም ባልዲውንም እጠቡ፣ አንድ የአሸዋ ቅንጣት ከገባ አዲስ ጭረት ታወጣላችሁ፣ እኛ አካባቢ ደሞ የአሸዋና የጠጠር ሲኖትራክ ሲያልፍ አቧራው ከየትም ይመጣል። 2000 ላይ መብራቱ ጭጋግ የለበሰ ይመስላል፣ እንዳትደነግጡ፣ እንደዛ ነው መሆን ያለበት። ከዛ ቀለም ቀቢዎች ሚጠቀሙበትን ኮምፓውንድ በንጹህ ጨርቅ እያዞራችሁ እሹ፣ ይጠራል። በትራፓኖ መስራት ምትፈልጉ ዝግ ባለ ፍጥነት፣ አንድ ቦታ ላይ ሳትቆሙ፣ ፕላስቲኩ ከጋለ ይቀልጥና እሱ ከዛ በኋላ አይስተካከልም።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ጨረስኩ ብሎ ሚሄደው። አልጨረሰም! ሲያሽ የተረፈውን የፋብሪካውን ሽፋን አንስቶታል፣ አሁን ፕላስቲኩ ራቁቱን ነው፣ እንደዚህ ከተተወ ካልተነካው መብራት በፈጠነ ጊዜ ቢጫ ይሆናል። ስለዚ በፋርማሲ አልኮል ጠርጋችሁ፣ ደርቆ፣ በእጃችሁ ሳትነኩት ዩቪ (የጸሀይ ጨረር) መከላከያ ያለው ክሊር ስፕሬይ፣ ቀለም የሌለውን ማለት ነው፣ ስስ አድርጋችሁ ደጋግማችሁ ንፉበት፣ በየመሀሉ ጣሳው ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ጠብቁ። በጠዋት ነፋስ ሳይነሳ፣ ጥላ ስር ይሁን። ከሃርድነር (ማጠንከሪያ) ጋር ሚደባለቀው ክሊር የበለጠ ይቆያል፣ ግን ጭሱ ለሳንባ በጣም መጥፎ ነው፣ ተራ የጨርቅ ማስክ አይከላከለውም፣ ለቀለም ሚሆን ማስክ ከሌላችሁ ለቀቢ ስጡት፣ ክሊሩን ብቻ ንፋልኝ ማለት ይቻላል። ክሊር ካጣችሁ የመኪና ዋክስ ይሻላል ከምንም፣ እሱ ግን ቶሎ ስለሚታጠብ በየወሩ መድገም ነው። ክረምት ላይ ይሄን ስራ አትጀምሩ፣ ክሊሩ እርጥበት ከያዘ ነጭ ይሆናል፣ ከተነፋ በኋላም ቢያንስ አንድ ቀን ዝናብም ላቫጆም አይንካው።

*ታሽቶ ሲያልቅ ወተት መሰለ*

ቁጥር ዘላችኋል ማለት ነው። ከ800 ቀጥታ ወደ 2000 ከሄዳችሁ የ800ው ጭረት ስር ይቀራል፣ ኮምፓውንዱ ያን ያህል ጥልቅ ጭረት አያነሳም። ወደ 1000 ተመለሱና በተራ ቀጥሉ፣ ሌላ መድሀኒት የለውም።

*ጠርቶ ነበር፣ በሳምንታት ውስጥ ተመለሰ*

ወይ ያለ ክሊር ቀርቷል ወይ በጥርስ ሳሙና ነው የታሸው። የጥርስ ሳሙና በጣም ደቃቅ መፈግፈጊያ ስላለው ለጊዜው ያጠራዋል፣ ግን ምንም መከላከያ አይተውበትም። ቤንዚን፣ ቲነር፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት ቀብተው ወዲያው ሚያበሩትን ደሞ አትመኑ፣ የፕላስቲኩን ፊት እያሟሙት ነው፣ ቆይቶ ይሰነጣጠቃል።

*እንደ ቆዳ ይላጣል፣ ካርታ ሰርቷል*

የፋብሪካው ሽፋን ከፊሉ ተነስቶ ከፊሉ ቀርቷል። በጥፍር ስትሄዱበት የሽፋኑ ጠርዝ ይሰማል። በ600 ጀምሩ፣ ጠርዙ በጣት እስከማይሰማ ድረስ ሙሉውን አንሱት፣ ከዛ ከላይ ያለው ቅደም ተከተል። ከፊሉን ትታችሁ ክሊር ብትነፉበት ስሩ ያለው ሲላጥ የናንተንም ይዞት ይሄዳል።

*ጭረት*

ብዙው ጭረት ሚመጣው አቧራ ያለበትን መብራት በደረቅ ጨርቅ ከመጥረግ ነው፣ ሁሌ መጀመሪያ ውሃ አፍስሱበት። ጥፍር ካልያዘው 2000 እና ኮምፓውንድ ይበቃዋል፣ ጥፍር ከያዘው 600 ወይም 800 ያስፈልጋል፣ በጣም የጠለቀውን ግን እስኪጠፋ አትቆፍሩት፣ ቦታው ጎድጎድ ብሎ ብርሃኑን ያዛባል። ትንሽ ቦታም ብትሆን ካሻችሁት ክሊር ያስፈልገዋል።

*ውስጡ ጤዛ ወይም ውሃ አለ*

ጠዋት ትንሽ ጭጋግ ይዞ መብራቱ ሲበራ ሚጠፋ ከሆነ ተዉት፣ መብራቱ መተንፈሻ ቀዳዳ ስላለው ያጋጥማል። ስሩ ውሃ ከተጠራቀመ ግን ከኋላ አምፖሉን ሚሸፍነው ጎማ ወልቋል ወይ ተቀዷል፣ አልያም የፊቱ ፕላስቲክና የቤቱ መጋጠሚያ ተከፍቷል፣ ከግጭት በኋላ ይሄ የተለመደ ነው። አውርዳችሁ አምፖሉን አውጡ፣ ጸሀይ ላይ አፉን ከፍታችሁ በደንብ አድርቁት፣ ጎማውን ቀይሩ፣ የተከፈተውን መጋጠሚያ በሲሊኮን ድፈኑ። የመተንፈሻ ቀዳዳዋን ግን እንዳትደፍኑ፣ እርጥበቱ መውጫ ያጣል።

*ደቃቅ ስንጥቆች ውስጥ ለውስጥ ይታያሉ*

ይሄ አይታሽም፣ ስንጥቁ ፕላስቲኩ ውስጥ ገብቷል። መቀየር ነው። ያገለገለ ስትገዙ በቀጥታ ከጃፓን የመጣ እንዳይሆን ጠይቁ፣ እነሱ በግራ ስለሚነዱ የመብራቱ ጨረር ወደ ግራ ከፍ ይላል፣ እኛ ጋ ከፊት ሚመጣውን ሹፌር አይን ውስጥ ይገባል።

*ጥርት ብሏል ግን ብርሃኑ ደካማ ነው*

ከውስጥ ያለውን ብሩን አንጸባራቂ እዩት። ከጠቆረ ወይም ከተላጠ ተቃጥሏል፣ ይሄ ብዙ ጊዜ ከመደበኛው 60/55 ዋት ይልቅ 100 ዋት አምፖል ሲገባበት ሚመጣ ነው፣ እሱም ከነቤቱ ይቀየራል። አንጸባራቂው ደህና ከሆነ አምፖሉ አርጅቶ ወይም የኔጋቲቩ ሽቦ ዝጎ ይሆናል፣ ዝገቱን ጠርጋችሁ አጥብቁት። ለሃሎጅን (ለተለመደው ባለ ክር አምፖል) በተሰራ መብራት ኤልኢዲ መክተት ከውጭ ሲያዩት ይደምቃል እንጂ ብርሃኑን ይበትነዋል፣ መንገዱ ላይ ሚደርሰው ሊያንስ ይችላል።

መብራቱ ከጠራ በኋላ ከፍታውን ለኩ፣ ድሮ በጭጋጉ ተደብቆ የነበረ የተዛባ መብራት አሁን ሰው ያሳውራል። ሜዳ መሬት ላይ ከግድግዳ 5 ሜትር ርቃችሁ ቁሙ፣ አጭሩን መብራት አብሩ፣ ግድግዳው ላይ ሚታየው የብርሃኑ የላይ ጠርዝ ከመብራቱ መሀል ከፍታ 5 ሳንቲሜትር ገደማ ዝቅ ማለት አለበት። ከፍ ካለ ከመብራቱ ኋላ ያለችውን ማስተካከያ ብሎን በካቻቢቴ ቀስ እያላችሁ አዙሩ፣ ሁለቱንም ለየብቻ፣ አንዱን ስትለኩ ሌላውን በጨርቅ ሸፍኑት።