ዘጠኙን ከመጠምጠማችሁ በፊት አንዱን ለኩ

ሱሉልታ ሜዳው ላይ ነፋስ አይጠፋም። መብራት ግን ይጠፋል። ሞተር ጠምጣሚ ስለሆንኩ የሰፈር ልጆች "ጋሼ፣ በነፋስ ባትሪ የሚሞላ ዲናሞ አይሠራም ወይ?" ይሉኛል። ይሠራል። የሚያከስረው ሳይለኩ መጀመር ነው።

መጀመሪያ ሶማሌ ተራ ሂዱና ያገለገለ የመኪና ሞዞ፣ ማለትም ጎማው የሚታሰርበትን የሚዞር ክፍል፣ ከነኩሽኔታው ፈልጉ። ከዚያ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ክብ ብረቶች ቶርኖ ቤት አስቆርጡ። ቀጭን ላሜራ ይረክሳል ብላችሁ እንዳትሞክሩ፤ ማግኔቶቹ ስበው ያጎብጡታል። በእያንዳንዱ ብረት ላይ 12 ኒዮዲሚየም የሚባል ኃይለኛ ማግኔት ይለጠፋል፤ አንዱ ሰሜን፣ ቀጣዩ ደቡብ እያለ። ሁለቱ ብረቶች ሲተያዩ ሰሜን ከደቡብ ፊት ለፊት ይሁን። በእጅ ላገጣጥም የሚል ጣቱን ይሰናበት። በረጃጅም ቡሎኖች፣ ዳዶውን ጥቂት ጥቂት እየፈታችሁ ሞዞው ላይ አቀራርቧቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ዘጠኝ የመዳብ ሽቦ ጥቅልል ያስፈልጋል፤ ግን አንድ ብቻ ጠምጥሙ፣ 50 ዙር። ኮምፔርሳቶ ላይ አስራችሁ በሁለቱ ብረቶች መካከል አስገቡት። ሞዞውን በድሪል አዙሩ፣ ቴስተሩን (የመብራት መለኪያውን) ኤሲ ቮልት ላይ አድርጉ። ኸርዝ (መብራቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ) የሚያነብ ቴስተር ካላችሁ የዙር መቁጠሪያ አትግዙ፦ በ12 ማግኔት ኸርዙን በ10 ስታባዙት የደቂቃው ዙር ይወጣል። 40 ኸርዝ ማለት በደቂቃ 400 ዙር ነው። ርካሽ ቴስተር ከዚያ በታች ሲሆን ይቀባጥራል፤ ስለዚህ እዚያ ላይ ለኩ።

6 ቮልት አነበበ እንበል። ቮልቱ ከፍጥነቱ ጋር እኩል ስለሚወጣና ስለሚወርድ በ150 ዙር 2.25 ቮልት ይሰጣል። 150 ያልኩት ያለምክንያት አይደለም፤ 2.4 ሜትር ስፋት ያለው ፈጣን ክንፍ በቀላል ነፋስ የሚደርስበት ፍጥነት ነው። ባለ 12 ቮልት ባትሪ መሞላት እንዲጀምር ከዲናሞው ከሚወጡት ሦስት መስመሮች በሁለቱ መካከል 10 ቮልት ገደማ ይፈለጋል፤ ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚለውጡት ዳዮዶች የሚበሉት ተቆጥሮ ነው። 10ን ለ1.73 (መስመሮቹ ሦስት ስለሆኑ)፣ ከዚያ ለ3 (በእያንዳንዱ መስመር ሦስት ጥቅልል ስለሚቀጣጠል) ስታካፍሉ ለአንድ ጥቅልል 1.93 ቮልት ይደርሰዋል። ስለዚህ 50 ሲባዛ 1.93 ሲካፈል ለ2.25፣ 43 ዙር ጥምጥም። የመጀመሪያውንም ጨምሮ ዘጠኙንም በዚሁ ቁጥር ጠምጥሙ። የጥምጥሙ ዙር ካነሰ ቦታ ይተርፋል፣ በዚያ ቦታ ወፍራም ሽቦ ይገባል። እኔ ሁልጊዜ ወፍራሙን እመርጣለሁ፤ አምፔሩ የሚያልፈው በእሱ ነው።

አያያዙ ቀላል ነው። 1፣ 4 እና 7 ቁጥር እየተቀጣጠሉ አንድ ፌዝ (አንድ መስመር)፤ 2፣ 5 እና 8 ሌላው፤ 3፣ 6 እና 9 ሦስተኛው። የሦስቱ መጨረሻዎች አንድ ላይ ይታሰሩ፣ መጀመሪያዎቹ ወደ ዳዮድ ይሂዱ። የሽቦውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ፍቃችሁ መዳቡ እስኪያበራ አንጹት፤ ቀለም ላይ የተበየደ ሽቦ ዛሬ ይዞ ነገ ይለቃል። ጥቅልሎቹን አጠንክሮ የሚይዘውን ሬዚን ከማፍሰሳችሁ በፊት ግን ሌላ ፍተሻ አለ።

ሦስቱን ጫፎች ክፍት ትታችሁ በእጅ አዙሩት። በቀላሉ መዞር አለበት። ከከበደ የሆነ ቦታ ሽቦ ከሽቦ ተነካክቷል፤ አታልፉት፣ ፈልጉ። ቀጥሎ ሦስቱን አንድ ላይ አገናኙ። አሁን ማር ውስጥ እንዳለ ማንኪያ እኩል ይክበድ። እየነጠረ የሚከብድ ከሆነ ከሦስቱ አንዱ አልሠራም ወይም ተገልብጦ ታስሯል። በድሪል መልሳችሁ የሁለት ሁለቱን መስመር ቮልት ለኩ፤ ሦስቱም ንባብ ተቀራራቢ መሆን አለበት።

ይህን ካለፈ ሬዚኑን አፍስሱ፣ ዳዮዱንና ፊውዙን ግጠሙ፣ ባትሪው ላይ እሰሩት። ነፋስ እየነፈሰ ባትሪውን አትንቀሉ፤ ሸክም ያጣ ክንፍ ያብዳል፣ ቮልቱም አብሮ ይወጣል። ማቆም ስትፈልጉ ነፋሱ ረገብ ሲል ሦስቱን መስመሮች አንድ ላይ የሚያገናኝ ማብሪያ ማጥፊያ ይበቃችኋል፤ ከዳዮዱ በፊት ይገጠም።