ስለ ልቦለድ ሒሳዊ ድርሰት እንዴት ይጻፋል?

ድሬዳዋ ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሐሳብ አያስጨርስም። ስለዚህ ድርሰታቸውን ከሚያሳዩኝ ተማሪዎች ጋር የምንገናኘው በማለዳ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፎቹ ጥላ ሥር ነው። አብዛኞቹ ይዘው የሚመጡት ጽሑፍ ልቦለዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ መልሶ ይተርካል። መምህሩ ግን ታሪኩን ያውቀዋል፤ የሚፈልገው እናንተ ያያችሁትን ነው።

በመጀመሪያ መጽሐፉን ሁለት ጊዜ አንብቡ፤ አንዱን ለታሪኩ፣ ሌላውን እርሳስ ይዛችሁ። የቤተ መጻሕፍት ከሆነ ኅዳጉ ላይ አትጻፉ፣ ገጹንና ቃሉን ደብተር ላይ መዝግቡ። የሚመዘገበው የከነከናችሁ ነገር ነው፦ የሚደጋገም ቃል፣ ያልጠበቃችሁት ዝምታ፣ ለሰው የወጣ ስም።

ቀጥሎ ከመዘገባችሁት ውስጥ ጥያቄ አውጡ። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) እንውሰድ። ከገጸ ባሕርያቱ አንዱን፣ ካሳ ዳምጤን፣ ሰው «ጉዱ ካሳ» ይለዋል። ለምን? «ጉዱ ካሳ የለውጥ ምልክት ነው» ብትሉ ማንም አይከራከራችሁም፤ የማያከራክር ሐሳብ ደግሞ ድርሰት አይሸከምም። «ጉዱ የሚለው ቅጽል ከካሳ ይልቅ ስም አውጪዎቹን፣ የሚፈሩትን ነገር ይገልጣል» ብትሉ ግን አንዱ ተነሥቶ «የለም፣ ካሳ ራሱ አፈንጋጭ ነው እኮ!» ይላችኋል። እንዲህ የምታከራክር የራሳችሁን ዐረፍተ ነገር ስታገኙ ምሰሶውን ተከላችሁ። አምስትና ስድስት ጊዜ ብትሰርዟት አይክፋችሁ፤ ከሥራው ሁሉ ከባዱ እሷን ማግኘት ነው።

አሁን ማስረጃ ፈልጉ። ስሙ የተጠራባቸውን ገጾች ለቅማችሁ ጠይቁ፦ የጠራው ማነው? ፊት ለፊት ነው ወይስ በሌለበት? በንቀት ነው ወይስ በመቅረብ? ከዚያ ቃሉን ራሱን መርምሩ። «ጉድ ነው!» ስንል እንደነቃለን፤ «ጉዱ ወጣ» ስንል ግን የተደበቀ ነውር ተገለጠ ማለታችን ነው። አንድ ቃል መደነቅንም ነውርንም ተሸክሟል። ቅኔ የሰማ ሰው ሰሙን ከወርቁ ይለያል፤ ስድ ንባብንም በዚያው ጆሮ ስሙት። ጥቅሱ ይጠር፣ ማብራሪያችሁ ይርዘም። መጽሐፉ ደጋግሞ ስለታተመ ከገጹ ጋር እትሙንም ጥቀሱ።

ገጸ ባሕርይ የተናገረውን ደግሞ «ሐዲስ እንዲህ ይላሉ» ብላችሁ አትጻፉ። ደራሲው፣ ተራኪውና ገጸ ባሕርይው የተለያዩ ናቸው። ይህን መለየት ብቻ ድርሰትን ከግማሽ በላይ ያቃናል ብዬ አምናለሁ።

የሚቃወማችሁን ማስረጃ አትደብቁት። ስሙን በፍቅር የሚጠራ ሰው ካገኛችሁ አስገቡትና «ሁሉም» ያላችሁትን «አብዛኞቹ» በሉት። ሐሳቡ ጠበበ እንጂ አልወደቀም፤ እንዲያውም ይበልጥ ይታመናል።

መግቢያውን መጨረሻ ላይ ጻፉ። «ሥነ ጽሑፍ የኅብረተሰብ መስታወት ነው» እያላችሁ ከሩቅ አትነሡ፤ ከስሙ ጥያቄ በቀጥታ ግቡ።

ሲያልቅ ለጓደኛ ጮክ ብላችሁ አንብቡለትና «ምን ብዬ ተከራከርኩ?» በሉት። የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር መተረክ ከጀመረ፣ ወደዚያች ዐረፍተ ነገር ተመለሱ።