ድንቅነሽን ስትስሉ ከዳሌዋ ጀምሩ

ድንቅነሽን መሳል ያማራችሁ፣ እባካችሁ ከፊቷ አትጀምሩ። በ1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር በሚባል ቦታ ሲያገኟት ከጭንቅላቷ የተረፈው የታች መንጋጋዋና ጥቂት ስብርባሪ ነው። የዳሌዋ ግራ ጎን ግን አለ። እሱን በስስ ወረቀት ገልብጡ፣ ከዚያ ወረቀቱን አዙራችሁ ቀኙን ሙሉ።

ቀጥሎ የጭን አጥንቷ። ወደ ጉልበት ሲወርድ ወደ ውስጥ ያዘነብላል። ይህቺን ነገር አደራ! ቀጥ አድርጋችሁ ካወረዳችሁት ቺምፓንዚ ትሆንባችኋለች፤ ቆማ መሄዷ የሚታየው እዚያች ጋ ነው።

ቁመቷ 1.10 ሜትር ገደማ ስለሆነ አጠገቧ የአምስት ዓመት ልጅ ሳሉ፣ መጠኗ ወዲያው ይገባል። ክንዷን ረዘም አድርጉት። ጡንቻ ከዚያ፣ ፀጉርና ቆዳ መጨረሻ። ቀለሟን አጥንቱ ስለማይነግረን እሱን በራሳችሁ ምረጡ።